ሳይለካ የማይፈታው ባትሪ ሠሪያችን፣ እጅህ ይባረክ

ባሕር ዳር ጀልባ ማቆሚያው አካባቢ ለምትሠሩ፣ ሌሊት ጣና ላይ መረብ ለምትጥሉ፣ ለጥበቃ ሠራተኞች፣ መብራት በሄደ ቁጥር የግንባር ባትሪ ለምትፈልጉ ሁሉ ይህቺን ጥቆማ ያዙልን። እኛ በኤሌክትሪክ ሥራ የምንተዳደር ሰዎች ነን፤ የሙያ ጓደኛን በአደባባይ ማመስገን እምብዛም አልለመደብንም። ይሄ ልጅ ግን ይገባዋል። ስሜንና ስልኬን እንዳትጽፉ ብሎናል፣ አንጽፍም። ማቆሚያው ላይ «ባትሪ ሠሪው» ብላችሁ ጠይቁ፣ ያሳዩአችኋል።

የምናመሰግነው በአንድ ነገር ነው፤ ሳይለካ አይፈታም፣ ሳይለካም አይለውጥም። የሚሞላ የእጅ ባትሪ ሲደክም የተለመደው መልስ «ድንጋዩ ሞቷል፣ አዲስ ግዛ» ነው። እሱ ግን መጀመሪያ የኋላውን ክዳን ብቻ ይከፍትና ወፍራም የመዳብ ሽቦ አጭር አድርጎ ቆርጦ የድንጋዩን ነጌቲቭ ከባትሪው ገላ ጋር ያገናኛል። በዚህ ጊዜ ቦግ ብሎ ከበራ ድንጋዩም፣ ከረንቱን የሚቆጣጠረው ቦርዱም ደህና ናቸው፤ ጥፋቱ ክዳኑ ውስጥ ነው፣ ድንጋዩን የሚገፋው ጥምዝ ሽቦ (ሞላው) ወይም ማብሪያው። ምርመራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ስንቱን ሰው ከአላስፈላጊ ወጪ እንዳዳነ እሱ ነው የሚያውቀው።

ሞላ እንዴት መብራት ያደክማል ለምትሉ፦ 18650 የሚባለው ድንጋይ፣ 18 ሚሊሜትር ወርድና 65 ሚሊሜትር ቁመት ያለው፣ ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ 3 ቮልት አካባቢ ሲደርስ አለቀ ይባላል። ብርሃን የሚሰጠው ነጩ ኤልኢዲ ደግሞ በደንብ እንዲበራ ከ3 ቮልት ትንሽ ከፍ ያለ ይፈልጋል። መሀል ላይ ያለችው ትርፍ እንግዲህ ከ1 ቮልት አትበልጥም። የዛገ ሞላ ከረንትን የመግታት አቅሙ (በኦም የሚለካው) 0.1 ኦም ብቻ ቢሆን፣ 3 አምፔር ሲያልፍበት 0.3 ቮልት ይበላል። ከዚያች ትንሽ ትርፍ ላይ ሲሦውን መሆኑ ነው! የሐይቁ እርጥበት ሞላውን ብቻ ሳይሆን የክዳኑን ጥርስም አረንጓዴ ያደርገዋል። ልጁ ጥርሱን በአልኮል ያጸዳል፤ በሞላው መሀል ደግሞ ለስላሳ ባለ ብዙ ክር የመዳብ ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይበይዳል። ሽቦዋን ወጥሮ አይበይዳትም፣ ትንሽ ላላ ያደርጋታል፤ ካልሆነ ሞላው በተጨመቀ ቁጥር ብየዳው ይነቀላል።

ወደ ቦርዱ ስንመጣ የልጁ እውቀት ይበልጥ ይታያል። በርካሹ ዓይነት ላይ እያንዳንዳቸው 350 ሚሊአምፔር የሚያሳልፉ ትናንሽ ቺፖች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አራት ከሆኑ 1.4 አምፔር። የተረፈውን ቮልት ወደ ሙቀት ይለውጡታል እንጂ አይቆጥቡትም። ለአንድ ድንጋይ ችግር የለውም። ለጀልባ 12 ቮልት ባትሪ ግን እንዲህ ያለ አሠራር ቀልድ ነው፤ ኤልኢዲው 3 ዋት ሲጠቀም ቺፑ ወደ 9 ዋት ገደማ በሙቀት ያቃጥላል። ስለዚህ ለጀልባ መብራት ኮይል (ጥቅል ሽቦ) ያለው፣ ቶሎ ቶሎ እያበራና እያጠፋ ቮልቱን የሚያወርድ ቦርድ ያስፈልጋል።

የእነዚህ ቦርዶች ልብ ከረንት የምትገታ አንዲት ሚጢጢ ሬዚስተር ናት። ፒቲ4115 የሚባለውን የተለመደ ቺፕ ብንወስድ፣ ሬዚስተሯ ላይ 0.1 ቮልት እንዲኖር አድርጎ ነው ከረንቱን የሚወስነው። 0.1 ኦም ከሆነች 1 አምፔር፣ 0.05 ኦም ከሆነች 2 አምፔር ማለት ነው፤ ቺፑ የሚችለው ግን 1.2 አምፔር ነው። «ትንሽ ይድመቅ» ብለው በሬዚስተሯ ላይ ሌላ ደርበው፣ ኦሙን ቀንሰው የበየዱ ሰዎች ቦርድ በምን እንደሚቃጠል ከዚህ ይገባችኋል። በቴስተር ለክቶ ማወቅም አይቻልም፤ የቴስተሩ ሽቦ ራሱ 0.2 ኦም ይኖረዋል። ልጁ 1 አምፔር ያሳልፍባትና በሁለቱ ጫፏ ላይ ቮልቱን ያነባል፤ የ0.1 ኦሟ 100 ሚሊቮልት ካሳየች ጤነኛ ናት። ሌላው ደጋግሞ የሚያገኘው ጥፋት ዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው) ነው። ሾትኪ የሚባለው ፈጣኑ ዳዮድ ሲቃጠል በቦታው 1ኤን4007 የሚባለው ዝግተኛ ይገባበታል። ይበራል፣ ደንበኛው ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ነገር ግን ዳዮዱ ፍጥነቱን ስለማይችለው ቺፑ እየጋለ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል።

አንድ ደንበኛ ከውጭ የመጣ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ «ጠግንልኝ» ብሎት ነበር። አልቀበልም አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ማስገባቱም መሸጡም የተከለከለ ነው። አሠራሩን ግን አስረዳው፣ ማስረዳት ይወዳል (አንዳንዴም ከልክ ያልፋል፣ ሥራው ይዘገያል)። መቆጣጠሪያ የሌለው ሲጋራ የሚግለውን 0.5 ኦም ኮይሉን በቀጥታ ከድንጋዩ ጋር ያገናኛል፤ በ4.2 ቮልት 35 ዋት፣ 3.4 ቮልት ሲደርስ 23 ዋት ብቻ፤ ቀስ በቀስ ይደክማል። መቆጣጠሪያ ያለው ግን ኮይሉን ለክቶ 35 ዋቱን እስከ መጨረሻ ለመያዝ ይታገላል። ድንጋዩ ወደ 3.4 ሲወርድ ከረንቱን ከ8 ወደ 10 አምፔር በላይ ይስባል፤ በደከመ ድንጋይ ላይ ጭነት ይጨምራል ማለት ነው። ከዚያ ድንገት ጥፍት።

ይሄ ለሲጋራ ብቻ አይደለም፤ ብርሃኑ ሳይቀንስ እስከ መጨረሻ የሚዘልቅ የግንባር ባትሪም እንዲሁ ነው። ሱቅ ውስጥ ምርጥ ይመስላል። ከደቅ ደሴት ወዲህ እንቦጭ መሀል ላይ ሳለህ ያለ ማስጠንቀቂያ ሲጠፋ ግን ምርጥ አይደለም። ስለዚህ ለአስጋሪዎች የሚመክረው ያንኑ ርካሹን፣ እየደበዘዘ የሚያስጠነቅቀውን ቦርድ ነው። ከውዱ ይልቅ ርካሹን የሚመክር ነጋዴ ስንት አለ? ዘመናዊው ይሻላል የሚሉ የእኛው ሰዎችም አሉ፤ እኛ ከልጁ ጋር ነን።

ድንጋይ ሲሸጥ በሚዛን መዝኖ ነው። ደህናው 18650 ወደ 45 ግራም ይጠጋል፤ የዚህ መጠን ድንጋይ በዛ ቢባል 3500 ሚሊአምፔር ሰዓት አካባቢ ነው የሚይዘው። 9900 ተጽፎበት 30 ግራም የሚመዝን ካመጣችሁለት ይስቅባችኋል። ከ2 ቮልት በታች የወረደውን «ቀስቅስልኝ» ብትሉትም አይቀሰቅስም፤ ውስጡ መዳብ ሟሙቶ ሊሆን ስለሚችል ሲሞላ በውስጥ ይገናኝና ይግላል፣ እሳትም ሊያነሳ ይችላል።

ወንድማችን፣ እግዜር ይስጥልን። የምትሄዱ ሰዎች፣ ባትሪውን ራሳችሁ ነካክታችሁ አትውሰዱ፤ ቻርጀሩንም አብራችሁ ያዙ፣ እሱንም ይለካዋል። ትርፍ ድንጋይ ካላችሁ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አንድ ኪስ ውስጥ አትክተቱት፤ ጫፉን በፕላስተር ሸፍኑት። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ወረፋ አለው።