ያን ዕለት ባሕር ላይ ላላወጡን የኦቦክ ባለ ጀልባ

በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሰሜናዊ ዳርቻ በምትገኘው የጅቡቲ የዓሣ አጥማጆች ከተማ በኦቦክ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ባለ ጀልባ ለእናቴና ለእኔ ያደረጉልንን መልካም ነገር ለሌሎች ሳላሳውቅ መቆየቴ ሲከብደኝ ሰንብቷል።

አባቴ እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ በአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ከዚያ ያመጣውን አንድ ዛጎል እናቴ እስከ ዛሬ ከመሶቧ አጠገብ አስቀምጣ ትኖራለች። ባሕር ግን አይታ አታውቅም ነበርና፣ ጉልበቷ ሳይደክም ላሳያት ብዬ ይዣት ወጣሁ።

መጀመሪያ የሄድንበትን ቦታም ሆነ ያገኘናቸውን ሰዎች አልጠራም። አንደኛው ቀብዱን ተቀብሎ ስልኩን ዘጋ። ሁለተኛው ሰው በሰው ላይ በጫነበት ጀልባ ያለ መንሳፈፊያ ጃኬት አሳፈረን፤ ከባሕሩ መካከል ስንደርስም ሞተሩን አጥፍቶ ተጨማሪ ገንዘብ ጠየቀ። የሰባ ዓመት አሮጊት በጠራራ ፀሐይ በጀሪካን ላይ ተቀምጣ ልጇ ሲደራደር ማየቷ እስከ አሁን ያንገበግበኛል።

በፌሪ ወደ ኦቦክ ተሻግረን እኒህን አዛውንት ስናገኝ፣ በወጣትነታቸው አሰብ ሠርተው ስለነበር በጥሩ አማርኛ አነጋገሩንና በማግስቱ ጎዶርያ ወደሚባለው፣ በባሕር ውኃ ውስጥ ወደሚበቅለው የማንግሮቭ ደን ሊወስዱን ተስማማን። ንጋት ላይ ዕቃችን ተጭኖ እናቴ ልትሳፈር ስትል፣ ባሕሩን ለረጅም ጊዜ ቆመው ተመለከቱና ከሁለት ወጣቶች ጋር በአፋርኛ ተነጋግረው፣ «ዛሬ አይሆንም፣ እትዬ፤ ከሰዓት በኋላ ይከፋል» አሏት፤ ቀብዱንም ሳንጠይቃቸው አንድ ፍራንክ ሳያጎድሉ መለሱልን። ባሕሩ ለእኔ እንደ ዘይት የረጋ ነበር፤ ዋጋ ሊጨምሩ ነው ብዬ መጠርጠሬን ሳስበው አፍራለሁ። ስለ ደመናውና ስለ ነፋሱ አቅጣጫ ያስረዱኝ ነገርም አልገባኝም። እኩለ ቀን ሳይሞላ ግን አሸዋ የሚያነሣ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ነጭ አረፋ ሲደፍቅ፣ ወጥተው የነበሩ ጀልባዎችም እየተጣደፉ ሲመለሱ በዓይናችን አየን።

የዕለት ገቢያቸውን ያጡት እሳቸው ሆነው ሳለ፣ አመሻሹ ላይ መጥተው የፈረንሳይ ባሕረኞችና ወታደሮች ያረፉበትን በባሕሩ ዳር ያለ አሮጌ መቃብር አሳዩን፤ ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1862 ኦቦክን በውል ከያዙ በኋላ፣ የጅቡቲ ከተማ ሳትመሠረት፣ ዋና ይዞታቸው ይህች ጸጥተኛ ከተማ እንደነበረች የሰማሁትም ከእሳቸው ነው። በማግስቱ ባሕሩ ሲረጋ ጃኬቱን በእጃቸው ለእናቴ አስረው፣ ሸራ ዘርግተው አጠለሉላትና ሥራቸው ከጨው ውኃ ውስጥ ወደ በቀለው ዛፎች አደረሱን። እናቴ እጇን ውኃው ውስጥ ነክራ፣ «አባትህ የሚያወራው ይህንን ነበር» አለች፤ አዛውንቱም ሞተሩን አጥፍተው እስክትጠግብ ዝም ብለው ጠበቁን።

ወደ ኦቦክ የምትሄዱ ሁሉ እኒህን ሰው ፈልጉ፤ ወደቡ ላይ አማርኛ የሚችሉትን አዛውንት ባለ ጀልባ ብትጠይቁ ያሳዩአችኋል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ሐሩር እጅግ ከባድ ስለሆነ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ፤ ፌሪው በየቀኑ ስለማይመላለስም ቀኑን አስቀድማችሁ አጣሩ፤ አንድ ሁለት ትርፍ ቀንም ያዙ፤ «ዛሬ አይሆንም» ካሏችሁ እባካችሁ አትከራከሯቸው። ስታገኟቸውም ከጎዶርያ ያነሣችው ዛጎል ከአባቴ ዛጎል ጎን መቀመጡን እናቴ ንገሩልኝ ብላለች።