ብረቱ የሚቀየር ኮርቻና አራት ድላድሎች፤ ሰፊ ጀርባ ላይ ሲፈተኑ

ፍርዱን ከፊት ላስቀምጠው፤ የቸኮለ ሰው እዚሁ ጨርሶ ይሂድ። የፊት ብረቱ የሚቀየረው፣ በቆዳ ፋንታ ከሰው ሠራሽ ቁስ የተሠራው ኮርቻ ለብዙ ፈረስ ይበጃል፣ ለሁሉም ግን አይሆንም። ከሥሩ ከሚነጠፉት ድላድሎች አንደኛ የወጣው ቀጭኑ የሱፍ ፌልት፣ ማለትም ተጠቅጥቆ የተሠራው ሱፍ ነው። የበግ ለምዱ ያምራል፣ ግን ቦታ ይፈጃል። ባለ ኪሱ ለጊዜው ይጠቅማል። ጄሉን በነፃ ቢሰጡኝም አልወስደውም።

ያልቸኮላችሁ ቁጭ በሉ።

የሞከርኩት በገዛ ባዝራዬ ላይ ነው። ዳማ ናት። ጀርባዋ አጭርና ሰፊ ነው፤ የትከሻዋ ጉብታ ደግሞ አለ ከማለት የለም ማለት ይቀላል። እንዲህ ያለ ጀርባ ላይ ኮርቻ አይረጋም፣ ወደ ጎን ይዞራል። ኮርቻ ሲዞር የሰው ሁሉ እጅ የሚሄደው ወደ ሆድ ጠፍሩ ነው። አንድ ቀዳዳ ይጨምራል። ከዚያ ሌላ። ፈረሷ ጆሮዋን ወደ ኋላ ታጥፋለች፣ ዞራ ልትነክስ ትቃጣለች፣ ከዚያ «ይቺ ክፉ ናት» ትባላለች። ክፋት አይደለም። ጠባብ ብረት በጠፍር ተጎትቶ ጡንቻ ውስጥ ሲገባ ማን ዝም ይላል?

ወደ እኔ ስትመጣ አብሯት የመጣው ኮርቻ እንደዚያ ያለ ነበር። ምልክቱ ዛሬም ይታያል። ከትከሻዋ ወደ ኋላ፣ በግራም በቀኝም፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ነጭ ፀጉር አለ። ሰው ሲያየው «ታምራለች» ይላል። ፀጉሩ የነጣው ግን ግፊቱ ቀለም የሚሠሩትን ሴሎች ስለጎዳ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ቀለሙ አይመለስም። ከነጩ ፀጉር ሥር ጡንቻው ጎድጉዶ ነበር፤ እጅ ሲያልፍበት ይሰማል።

ስለዚህ ገበያ የወጣሁት በልኬት ነው። የሚተጣጠፍ ማስመሪያ ወስጄ ከትከሻ አጥንቷ ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ ላይ ጀርባዋን አሻግሬ ጫንኩት። ቅርጹን ሲይዝ አንስቼ ካርቶን ላይ አሰመርኩ፣ በመቀስ ቆረጥኩ። ይህች ካርቶን ከሁሉም ሻጭ ንግግር በላይ ጠቅማኛለች። ኮርቻውን ገልብጣችሁ ካርቶኑን ከፊት ቅስቱ ውስጥ ታስገባላችሁ። ካልገባ አይገባም፣ ክርክር የለውም። የቅስቱ ስፋት ብቻ ሳይሆን የክንፎቹ ማዕዘንም መግጠም አለበት። ስፋቱ ልክ ሆኖ ማዕዘኑ ቀጥ ካለ የብረቱ ጫፍ ይወጋል።

ለምን ከትከሻው ኋላ? ፈረስ የፊት እግሮቹን ከደረቱ ጋር የሚያገናኝ አጥንት የለውም። የያዛቸው ጡንቻና ጅማት ብቻ ነው። እግሩን ወደ ፊት ሲሰነዝር የትከሻው አጥንት ከላይ በኩል ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ይህን ለማመን እጄን ከአሮጌው ኮርቻ ፊት ሥር ከትቼ ሰው እንዲስባት አደረግኩ። በእያንዳንዱ እርምጃ አጥንቱ እየመጣ ጣቶቼን ከብረቱ ጋር ያጣብቃቸው ነበር። ያውም በእርምጃ፣ ያውም ሰው ሳይቀመጥባት። በሶምሶማ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

አሁን ወደ ኮርቻው። ይህን ዓይነት የሚሠሩት ብዙ ኩባንያዎች ስለሆኑ ስለ አሠራሩ ነው የማወራው። ከፊት ያለውን ሽፋን ገልጣችሁ ብሎኖቹን በመፍቻ ትፈታላችሁ፣ ቅስቱን ብረት ታወጣላችሁ፣ ሌላ ስፋት ያለውን ትተካላችሁ። ከጠባብ እስከ እጅግ ሰፊ ድረስ አለ። ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ሥራ ነው። ባዝራዬ በደንብ ስትበላ ትሰፋለች፣ ብዙ ስትሠራ ትቀጥናለች፤ ብረቱን መቀየር ስችል ግን ኮርቻ መቀየር አላስፈለገኝም። ለዚህ ብቻ እንኳ ምስጋና ይገባዋል።

ማስታወቂያው የሚደብቀው ነገር ግን አለ። ብረቱ የሚለውጠው ፊቱን ብቻ ነው። ከፊት እስከ ኋላ ያለው የኮርቻው አጽም፣ ማለትም ውስጡ ያለው ጠንካራ መዋቅር፣ ኩርባው እንደነበረ ይቀራል። ጀርባው ቀጥ ያለ ፈረስ ላይ የጎበጠ አጽም ከጫናችሁ መሀሉ ላይ ተቀምጦ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል። ጀርባው ዝቅ ያለ ፈረስ ላይ ቀጥ ያለ አጽም ከጫናችሁ ደግሞ ከፊትና ከኋላ ብቻ ይነካል፣ መሀሉ ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ የእናንተ ክብደት በሙሉ አራት ነጥብ ላይ ይወርዳል። የዓለምን ብረት ብትቀያይሩ ይህን አያስተካክለውም። ኮርቻውን ያለ ድላድል ጫኑት፣ ጠፍሩን ሳታጠብቁ መዳፋችሁን ከሥሩ ከፊት እስከ ኋላ አሳልፉ። ግፊቱ አንድ ዓይነት ሆኖ ሊሰማችሁ ይገባል። እኔ ጋ እጄ ሳይያዝም ሳይላላም ነው ያለፈው። የባዝራዬ ጀርባ ቀጥ ያለ ስለሆነ ይህ አጽም ዕድለኛ አድርጎኛል።

ርዝመቱ ላይ ትንሽ ተጣልተናል። ፈረስ በተለምዶ 18 ጥንድ የጎን አጥንት አለው። ክብደት መሸከም የሚችለው ጀርባ እስከ መጨረሻው የጎን አጥንት ድረስ ያለው ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ወገብ ከሥሩ የጎን አጥንት አይደግፈውም። የመጨረሻውን አጥንት በጣታችሁ ፈልጉት፣ አቅጣጫውን ተከትላችሁ እስከ ጀርባ አጥንቱ ውጡ፣ እዚያ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። የኮርቻው ትራስ ያንን ማለፍ የለበትም። ለእኔ መቀመጫ የሚመቸው መጠን በመጀመሪያው ሞዴል ምልክቱን አልፎ ሄደ። መቀመጫው እንዳለ ሆኖ ከሥር ያሉት ትራሶች አጠር ያሉበት ሞዴል እንዳለ ያወቅኩት ደጋግሜ ከጠየቅኩ በኋላ ነው። ሻጮች ቶሎ የሚጠይቁት የጋላቢውን ቁመት ነው። የፈረሱን ጀርባ ርዝመት የሚጠይቅ ካገኛችሁ ደንበኛ ሁኑት።

የትራሱ ሙሌት በዚህ ኮርቻ ስፖንጅ ነው። ጥሩነቱ አይሰበሰብም። መጥፎነቱ ከአንድ በኩል ትንሽ ጨምሩልኝ ማለት አይቻልም። ሱፍ የተሞላ ኮርቻ በመጀመሪያዎቹ ወራት ተጠቅጥቆ ዝቅ ይላል፣ ባለሙያ ከፍቶ ያስተካክለዋል፣ ሲያስተካክል ደግሞ የፈረሱን ግራና ቀኝ መለያየት ማመጣጠን ይችላል። አንዱ ትከሻ ከሌላው የገዘፈ ፈረስ ያለው ሰው ሱፍ ቢመርጥ ይሻለዋል። በሁለቱ ትራሶች መሀል ያለው ቦይ ግን በዚህኛው አርኪ ነው። ከፊት እስከ ኋላ ሦስት ጣት በደንብ ይገባል፣ የጀርባ አጥንቷን አይነካም።

ትናንሽ ቅሬታዎች፦ አዲስ ሳለ ይንጫጫል፣ የምር ያናድዳል። የእርካቡ ማሰሪያ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሽፋኑ ቶሎ ይላጣል። ከቆዳ ኮርቻ ጋር ሲተያይ መልኩ ኩሩ አይደለም። በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ተደርጎ መሰቀሉ ግን ቅባት ከመቀባት አሳርፎኛል፣ ቀላልም ነው።

ወደ ድላድሎቹ እንሂድ። እዚህ ላይ ሰዎች የሚያደርጉት አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ኮርቻው እንደማይሆን ልባቸው ያውቃል። ኮርቻ መቀየር ውድ ስለሆነ ግን ድላድል ይቀያይራሉ። ጠባብ ኮርቻ ሥር ወፍራም ድላድል ስታስገቡ ኮርቻውን ይበልጥ አጠበባችሁት ማለት ነው። ለስላሳ ስለሆነ ያስታግሳል ብላችሁ ታስባላችሁ፣ ውስጡ ያለው ቦታ ግን ያው ነው። ከሁሉም በፊት ኮርቻው ያለ ምንም ድላድል ሊገጥም ይገባል። የካውቦይ ኮርቻ የተለየ ነው። እሱ ከሥሩ ትራስ ስለሌለው 2 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ሱፍ ታስቦለት ነው የሚሠራው።

ጄሉ። እጅ ላይ ሲጫኑት ደስ ይላል፤ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠውም ለዚህ ነው። ጀርባ ላይ ግን ይከብዳል፣ ሙቀት ይይዛል። ከግልቢያ በኋላ ሳነሳው ከሥሩ ያለው ጀርባ የሚፋጅ ሆኖ አገኘሁት። ላቡ የሚሄድበት ስለሌለው ኮርቻውም ይንሸራተታል። ጉብታ የሌላት ፈረስ ላይ ይህ አደጋ ነው።

የበግ ለምዱ እውነተኛ ፀጉር ያለው ነው። አየር ያስገባል፣ ፈረሷም ወዳዋለች ባይ ነኝ። ውፍረቱ ግን የሚታለፍ አይደለም። ብረቱን አንድ ደረጃ ማስፋት ነበረብኝ። ከታጠበ በኋላ መድረቁ ደግሞ ዘመን ይፈጃል። ኮርቻው ትንሽ ሰፋ የሚል ሰው ይግዛው።

ባለ ኪሱ በግራና በቀኝ ኪሶች አሉት። በውስጣቸው ቀጫጭን ስፖንጅ ይገባል፣ ይወጣል። የጎደጎደው ጡንቻ እስኪመለስ ከትከሻዋ ኋላ ያለውን ክፍተት የሞላሁት በዚህ ነው። ኮርቻውን ጡንቻው ሲመለስ በሚኖራት ስፋት አድርጌ፣ ልዩነቱን በስፖንጅ እየሞላሁ፣ ጡንቻው ሲመጣ እየቀነስኩ። ከአንዱ ጎን አንዷን ስፖንጅ እንኳ ማውጣት ስረሳ ኮርቻው ሲያጋድል ይታወቃል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1859 የተቀበለው የማክሌላን ኮርቻ መሀሉ ክፍት ነበር፣ የጀርባ አጥንቱ አየር ያገኛል። ከሥሩ የሚነጠፈው የታጠፈ የሱፍ ብርድ ልብስ ነው። የታጠፈ ብርድ ልብስ ደግሞ አስተጣጠፉ ይለወጣል፤ ደረቁ ወደ ታች ይዞራል፣ ውፍረቱ ይቀነሳል ይጨመራል። የዛሬው ባለ ኪስ ድላድል ከዚህ የሚለየው በዋጋው ነው ብል አልዋሸሁም።

ፌልቱ ቀጭን፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሲያዩት ምንም የማይል ነገር ነው። ሱፍ እርጥብ መሆኑ ሳይታወቅ የክብደቱን ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ይይዛል። ጀርባዋ ሲነካ ለብ ይላል እንጂ አይፋጅም። አይንሸራተትም። አንድ ነገር ብቻ ጠብቁ፦ ከላይ በኩል ጉብታውንና የጀርባውን መስመር ተከትሎ የተሰፋ ይሁን። ቀጥ ብሎ የተቆረጠው ሲጋለብ ወደ ታች ይወጠርና ጉብታውን ይጫናል። ኮርቻ ስትጭኑ ድላድሉን ከፊት በኩል ወደ ላይ፣ ወደ ኮርቻው ቅስት ሳብ አድርጉት፣ ብርሃን በቦዩ ውስጥ ይታያችሁ።

ላብ አንባቢ መሆንም ተምሬያለሁ። ኮርቻውን ስታነሱ የላቡ እርጥበት በሁለቱም በኩል እኩል ከሆነ ደህና ነው። በእርጥቡ መሀል ደረቅ ቦታ ካያችሁ ግን ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ኮርቻው እዚያ ጋ ጭራሽ አይነካም፣ ወይ ከመጠን በላይ ስለሚጫን ላብ አልወጣም። መለያው ፀጉሩ ነው። ያልተነካው ቦታ ፀጉሩ እንደነበረ ቆሟል፤ የተጫነው ተለጥፏል ወይም ተንጨባርሯል፣ በጣት ሲጫኑት ፈረሷ ጀርባዋን ትሰብቃለች።

ኮርቻ የሚያስተካክል ባለሙያ ጠርቼ አንዱን አሰናብቼዋለሁ። ቆማ አይቷት፣ ኮርቻውን ጫን አድርጎ፣ «ልክ ነው» አለና ወረቀቱን ሊሞላ ተቀመጠ። ቀጥሎ የመጣችው ባለሙያ ግን መጀመሪያ ያለ ኮርቻ አስኬደቻት፣ ከዚያ ጭና፣ ከዚያ እኔን አስቀምጣ፣ በሶምሶማና በደንገላሳ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ከኋላ ቆማ አየች። ሰው ሲቀመጥ ኮርቻው ይወርዳል፤ ቆሞ ልክ የነበረው ጉብታውን ሊነካ ይችላል። ተቀምጣችሁ ከጉብታው በላይ ሁለት ሦስት ጣት ካልቀረ አትቀበሉ።

አሁን ባዝራዬ ጠፍር ሲታሰርላት ቆማ ትጠብቃለች። በሶምሶማ እርምጃዋ ረዝሟል፣ ኮርቻው አይዞርም፣ ጠፍሩንም ከበፊቱ አላልቼ ነው የማስረው። ነጩ ፀጉር እንዳለ ነው።

ጉብታው ከፍ ብሎ የወጣ፣ ጀርባው ደግሞ ወደ መሀል የሰመጠ ሽማግሌ ፈረስ ያላችሁ ይህን ኮርቻ አትግዙ። ብረቱን ብታጠቡም መሀሉ ባዶ ይሆናል። ሱፍ የተሞላ፣ ኩርባ ያለው አጽም ፈልጉ፣ ሻጩም ጋልባችሁ እስክታዩት የሚያበድር ይሁን። የሙከራ ጊዜ የማይሰጥ ሻጭ ጋ እኔ ካርቶኔን እንኳ ከቦርሳ አላወጣም።