መጀመሪያ ሜትር ያወጡት ሐኪም

ልብስ ሰፊ ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ግሽ ዓባይ አካባቢ ትንሽ ስፌት ቤት አለችኝ። የሌላ ሴት ደረት ስለካ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። የራሴን በመስታወት ማየት ካቆምኩ ግን ቆይቻለሁ። ሦስት ልጆች ወልጃለሁ፣ ሦስቱንም ሁለት ሁለት ዓመት አጥብቻለሁ። የመጨረሻዋን ጡት ካስጣልኳት አራት ወር ሆነ።

የወረደ ጡቴን በቀዶ ሕክምና ማስተካከል ለምን ፈለግሽ የሚለኝ ብዙ ነው። መልኩ አንድ ነገር ነው፣ አልዋሽም። ሌላው ሙቀቱ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ የባሕር ዳር ፀሐይ ሲከር ከጡቴ ሥር ያለው እጥፋት ላብ ይይዛል፣ ይቀላል፣ ይላጣል። ፓውደር እነሰንሳለሁ፣ ቅባት እቀባለሁ። ደንበኛ ፊት ቆሜ እንኳ ሳላስበው እጄ ወደዚያ ይሄዳል። ይሄ ቅንጦት አይደለም።

ስለዚህ ምክር ፍለጋ ሁለት ቦታ ሄድኩ፤ ሁለቱም እዚሁ ከተማችን ውስጥ። ስማቸውን አልጠራም። ያየሁትን ግን አንድም ሳላስቀር እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያው ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ነበር። ታካሚ ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ሰዎች ለሁለት ቀን ክፍል ይዘው ነበር። ምክሩ በነፃ ነው። ልጅቷ በደንብ ተቀበለችኝ፣ ሻይም አዘዘችልኝ። "የኔ ቆንጆ" እያለች ነው የምታወራኝ። ከነልብሴ አየት አደረገችኝና "አንቺ ሁለቱንም ነው የምትሠሪው፤ ማንሳቱንም ማስተለቁንም፤ 350 ሲሲ ይበቃሻል" አለች። ማንም አልለካኝም። ስንት እንደወለድኩ የጠየቀኝም የለም። 350 ሲሲ ያለችው የኢምፕላንቱን መጠን ነው፤ ጡትን ለማስተለቅ ከውስጥ የሚገባውን የሲሊኮን ከረጢት። እሱ ስንት ዓመት ይቆያል ስላት "ዕድሜ ልክሽን" አለችኝ። ከዚያ ቀብድ ዛሬውኑ ካስገባሽ ቅናሽ አለ ተባልኩ።

እኔ ለሙሽራ ቀሚስ እንኳ ሳልለካ ዋጋ አልናገርም። ወጥቼ በሐይቁ ዳር እስከ ጊዮርጊስ በእግሬ ሄድኩ። አልቅሻለሁ።

ሁለተኛው በወር አንድ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የሚመጡ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ናቸው። መሐል ከተማ ባለ የግል ክሊኒክ ውስጥ ያያሉ። ለምክሩ 1,500 ብር ከፈልኩ። የባሌ እህትም ለራሷ ጉዳይ አብራኝ ነበረች።

ዶክተሩ መጀመሪያ ያወሩት ስለ ጡት አይደለም። ልጅ ጨርሰዋል? ክብደትዎ ይወጣል ይወርዳል? ሲጋራ ያጨሳሉ? ከቤተሰብ የጡት ካንሰር ያለበት አለ? ከዚያ ነርሷ ገባች፣ መጋረጃው ተዘጋ፣ ሸሚዜን አወለቅኩ። ዶክተሩ ከኪሳቸው ሜትር አወጡ። እኔ ስፌት ቤት አንገቴ ላይ የማንጠለጥለው ዓይነት ቢጫ ሜትር። በዚያች ሰዓት ልቤ አረፈ።

ከአንገቴ ሥር ካለችው ጎድጓዳ እስከ ጡቴ ጫፍ ለኩ። ቀኙ 26፣ ግራው 27 ተኩል ሴንቲ ሜትር። ያልወረደ ጡት ላይ ይህ ርቀት 20 አካባቢ ነው አሉኝ። ከዚያ ጫፉ ከእጥፋቱ መስመር አንፃር የት እንዳለ አዩ። መስመሩ ላይ ከሆነ አንደኛ ደረጃ ነው። ከመስመሩ ከወረደ ሁለተኛ ነው። ከመውረዱም አልፎ ወደ መሬት ካየ ሦስተኛ ይባላል። የኔ ሁለተኛ ሆነ።

ቀጥለው ጡት ማስያዣዬን መልሼ እንድለብስና መስታወት ፊት እንድቆም አደረጉኝ።

"አሁን መጠኑ ደስ ይልዎታል?"

"አዎ ዶክተር።"

"እንግዲያው ሥጋው አለ። የጎደለው ቦታው ነው።"

ስንት ወር ያሳሰበኝ ነገር በዚች ንግግር ተፈታ። በልብስ ሰፊ ቋንቋ ልንገራችሁ። ጡት ማንሳት ማለት የተረፈውን ጨርቅ ቆርጦ፣ ፔንስ (ጨርቁን አጥፎ የሚያጠብ ስፌት) አስገብቶ፣ ጫፉን ወደ ቦታው መመለስ ነው። ምንም አይጨምርም። ማስተለቅ ደግሞ ከውስጥ መሙላት ነው። መሙላት በራሱ አያነሳም። እንደኔ በወረደ ጡት ላይ ኢምፕላንት ብቻ ቢገባ ክብደቱ አብሮ ይጎትተዋል። 350 ሲሲ የተባለው ሲሊኮን በአንድ ወገን 350 ግራም ገደማ ነው፤ ሁለቱ 700 ግራም። የሰፋ ቀሚስ ላይ ኪሱን ሞልቶ እንደመልበስ ነው።

ሁለቱም አንድ ላይ የሚያስፈልጋት ሴት አለች። ጡቷ ወርዶም ባዶም የሆነባት፣ ማስያዣ ስትለብስ ከላይ ክፍት የሚቀርባት። እሷም ብትሆን ማወቅ ያለባት ነገር አለ። ማንሳቱ ቆዳውን ያጠብበዋል፣ ኢምፕላንቱ ከውስጥ ይወጥረዋል። ስፌቱ ላይ ጫናው ይበዛል። አንዳንድ ሐኪሞች በሁለት ጊዜ ከፍለው የሚሠሩት ለዚህ ነው። ጠባብ ቀሚስ ከጎኑ ሲተረተር ስንቴ አይቻለሁ፤ ወዲያው ነው የገባኝ።

የባሌ እህት ጡት ትንሽ ነው እንጂ አልወረደም። ለሷ ማንሳት የሚባል ነገር የለም፣ ከፈለገች ኢምፕላንት ነው። አልቸኮለችም፣ እሳቸውም አላቻኮሏትም።

"ዕድሜ ልክሽን" የተባልኩትን ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ዕድሜ ልክ የሚባል ኢምፕላንት የለም። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ምክር፣ ሲሊኮን ያስገባች ሴት ባያማትም ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ የመጀመሪያውን አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ትነሳለች። ከዚያ በኋላ በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ ነው። ሽፋኑ ሊቀደድ ይችላል። በዙሪያው የሚፈጠረው ጠባሳም ሊጠነክርና ጡቱን ሊያደነድነው ይችላል። ሻካራ ሽፋን ያላቸው አንዳንድ ኢምፕላንቶች ደግሞ ከአንድ የሊምፎማ (የሊምፍ ካንሰር) ዓይነት ጋር ስለተያያዙ እ.ኤ.አ. በ2019 ከገበያ ተሰብስበዋል። የሆቴሏ ልጅ ከዚህ ሁሉ አንዱን አልነገረችኝም። እህቶቼ፣ ምን ዓይነት ኢምፕላንት እንደሆነ፣ የማን ሥራ እንደሆነ፣ ሽፋኑ ምን እንደሚመስል ሳትጠይቁ አንድ ብር እንዳትከፍሉ።

ማንሳትም ዋጋ አለው፤ ዋጋው ጠባሳ ነው። የኔ በጥቁሩ ክብ ዙሪያና ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይሆናል፤ ምናልባት እጥፋቱ ውስጥም አጭር መስመር ይጨመራል። ዶክተሩ የጆሮዬን ቀዳዳና በቀዶ የወለድኩበትን ጠባሳ አዩ። እንደኛ ባለ ቆዳ ላይ ጠባሳ አብጦ ኬሎይድ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። የኔ ጠፍጣፋ ነው፣ ተመስገን። የጡት ጫፍ ስሜት ሊቀንስ፣ ማጥባትም ሊያስቸግር እንደሚችል ሳይሸሽጉ ነገሩኝ። ዳግመኛ ባረግዝ ወይም ዕድሜ ሲገፋ ተመልሶ ሊወርድም ይችላል።

አንድ ነገር ግን ለእናቶች በተለይ መናገር አለብኝ። እናቴ "ማጥባትሽ ነው የጎዳሽ" ስትለኝ ኖራለች። ጠየቅኳቸው። ጥናት ተደርጎ ማጥባቱ ምክንያት ሆኖ አልተገኘም። የእርግዝናው ቁጥር፣ ዕድሜ፣ የክብደት መውጣትና መውረድ፣ ሲጋራ ናቸው ጡትን የሚያወርዱት። ከጡቴ ይልቅ ይሄ ነው ያስደሰተኝ። ጡቴ ይወርዳል ብላ ማጥባት የምታቋርጥ ሙሽራ ስፌት ቤቴ መጥታ ታውቃለችና።

ቅሬታዬ የመቀበያው ነው። ካርድ የምታወጣው ልጅ ሰው በሞላበት "ለጡቱ ነው አይደል የመጣሽው?" ብላ ጮኸች። አንድ ደንበኛዬ እዚያው ተቀምጣ ነበር። ባሕር ዳር ሁሉም የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ እንዲህ ያለ ጉዳይ በወረቀት ይጻፍ እንጂ በአደባባይ አይጠየቅም። ለዶክተሩ ነገርኳቸው፣ እሷም ወጥታ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ቀጠሮዬም ጠዋት 3 ሰዓት ሆኖ የገባሁት 6 ሰዓት ተኩል ነው። ለክሊኒኩ ከአምስት ኮከብ አራት የምሰጠው ለዚህ ነው።

የወሰንኩት ማንሳት ብቻ ነው። ጡት ካስጣልኳት ስድስት ወር እስኪሞላና ክብደቴ እስኪረጋ ጠብቂ ተብያለሁ። ቀዶው አዲስ አበባ ነው። ከዚያ በኋላ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አላነሳም፣ ትንሿንም ማቀፍ የለብኝም። ለነሐሴ አሰብኩት። የሰርጉ ወቅት ያልፋል፣ ዝናብ ነው፣ ሥራ ይቀዘቅዛል፣ እናቴም ከዘጌ መጥታ ትይዝልኛለች።

የምትሄዱ ካላችሁ ከፊት የሚከፈት ሸሚዝ ልበሱ። በጣም የምትወዱትን ጡት ማስያዣም ይዛችሁ ሂዱ፤ መስታወቱ ፊት ትፈልጉታላችሁ። ዶክተሩ ለሚያዩበት ቅዳሜ የሚያዘው ስም ዝርዝር ከሐሙስ ጀምሮ ይሞላል።