አየር ላይ ዕጢ አይበቅልም

እማዬ «ጨጓራዬ» እያለች ስትመላለስ ከርማ በመጨረሻ የሆድ ኤምአርአይ ታዘዘላት። ውጤቱ ሲመጣ «በጉበቷ ግራ ክፍል 2 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ክብ ነገር ታይቷል፤ ናሙና ይወሰድ» ይላል። አስር ቀን ሙሉ ቤታችን ለቅሶ ቤት መሰለ። እሷ ብቻ ቡናዋን እያፈላች «የመጣውን መቀበል ነው» ትላለች።

ሌላ ሐኪም ይየው ብለን ነው ይህቺን ራዲዮሎጂስት (የኤምአርአይና የራጅ ምስል የምታነብ ሐኪም) ያገኘናት። ዕድሜዋ ከእኔ አይበልጥም። ሪፖርቱን ገረፍ አድርጋ አስቀመጠችውና «ምስሉ ያለበት ሲዲስ?» አለች። ከፍታ አሳየችን። አከርካሪው ፊት ትልቁ የደም ሥር፣ አኦርታ አለ። በቀጥታ ከፊቱ፣ ጉበቱ ውስጥ፣ ያ ክብ ነገር። መጠኑም ቅርጹም ቁርጥ አኦርታውን! ከዚያ እስክሪብቶዋን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ ከሆድ ውጭ ጥቁሩ ባዶ ቦታ ላይ ደብዘዝ ያለ ሌላ ክብ ጠቆመችን። ከአኦርታው እስከ መጀመሪያው ክብ፣ ከዚያም እስከ ሁለተኛው ያለውን ርቀት ለካች፤ እኩል ነው።

«እማማ፣ አየር ላይ ዕጢ አይበቅልም» አለቻት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤምአርአይ እንደ ስልክ ካሜራ አንዴ ጠቅ አድርጎ አያነሳም፤ መረጃውን ቀስ በቀስ ነው የሚሰበስበው። በዚያ መሃል አኦርታ ከልብ ጋር ስለሚመታ፣ የምስሉ የውሸት ግልባጭ በአንድ አቅጣጫ ተደርድሮ ይወጣል። የእማዬ ምስል ላይ አቅጣጫው ከፊት ወደ ኋላ ነበር፤ ጉበቷ ደግሞ መንገዱ ላይ ነው።

ያንኑ ክፍል ብቻ አቅጣጫውን ከቀኝ ወደ ግራ አስቀይራ አስደገመችው። ግልባጮቹ ወደ ጎን ሄዱ፣ ጉበቱ ንጹሕ ሆነ። እውነተኛ ዕጢ ቢሆን ቦታውን አይለቅም ነበር። ለማረጋገጥ በአልትራሳውንድም አየችው፤ ምንም የለም።

«ታዲያ ያ ምን ነበር ልጄ?» አለች እማዬ።

«የራስዎ የልብ ምት ነው።»

መጀመሪያ ኤምአርአዩን ያነበቡትን አልወቅስም ልል ነበር። ግን ትንሽ እወቅሳለሁ፤ ያ ሁለተኛው ክብ እኮ እኔም የማየው ነበር። ዶክተሯ ግን አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችባቸውም። «ሁሉም ጥላ የውሸት እንዳይመስላችሁ» ብላ እኛኑ አስጠነቀቀችን እንጂ። ጨጓራው ጨጓራ ነው፤ መድኃኒቷን እየወሰደች ነው።

ዶክተርዬ፣ እናቴን ከመርፌ፣ እኛን ከጭንቀት አዳንሽን። እግዚአብሔር ይስጥልን!

ፈቃድ ስላልጠየቅኳት ስሟን እዚህ አልለጥፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የምትሠራበትን እነግራችኋለሁ። ብቻ ሲዲውን ይዛችሁ ሂዱ፤ በወረቀት ብቻ አታናግርም።