የመኪና ቆጠራ ልታሠሩ ነው? ሰው፣ ቪዲዮ፣ ቱቦ ወይስ ሶፍትዌር

ቆጠራ የሚሸጥ ሁሉ «ትክክለኛነታችን ይህን ያህል በመቶ ነው» ይላል። የምኑ? በሉት። 10 ሚኒባስ አምልጦት 10 ባጃጅ ሁለቴ የቆጠረ ሰው ድምሩ ልክ ይመጣለታል፤ ዝርዝሩ ግን ተበላሽቷል።

መንገድ ዳር ተቀምጦ ፎርም ላይ ሰረዝ የሚያሰምር ቆጣሪ ርካሽ ነው። ለአንድ ጠዋትና ጭር ላለ መገንጠያ ይበቃል። ያመለጠው ግን አይመለስም።

የተቀረጸ ቪዲዮ እያዩ በእጅ መቁጠር ላይ ዓይኑ ያው የሰው ዓይን ነው፤ ልዩነቱ ማቆምና ወደኋላ መመለስ መቻሉ። አራት መግቢያ ያለው መስቀለኛ መንገድ ቀጥታውን፣ ቀኙንና ግራውን ስንይዝ 12 ዓይነት ጉዞ አለው። ቆጣሪው አንዱን ጨርሶ ለሌላው ቪዲዮውን እንደገና ይከፍታል፤ ዋጋው የሚወደደውም ለዚህ ነው። እኔ ሥራ ስረከብ አንድ የ15 ደቂቃ ቁራጭ መርጬ ለሌላ ሰው አስቆጥራለሁ። አንዱ 412፣ ሌላው 404 ቢሉ ልዩነቱ 2 በመቶ ገደማ ነው፤ እቀበላለሁ። ሚኒባሱና አይሱዙው ለየብቻ ሲታዩ ካልተቀራረቡ ግን ይመለስ።

ካሜራው ዝቅ ብሎ ከተተከለ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። አውቶቡስ የከለለውን ሚኒባስ መቶ ጊዜ ቢመልሱት አይታይም። ከዋጋው በፊት የካሜራውን ከፍታ ጠይቁ። (ሰዓቱንም እዩ፦ ካሜራው 7፡15 ሲል የቆጣሪው ፎርም 1፡15 ይላል። ሁለቱን ያምታታ ሠንጠረዥ የጠዋቱን ግርግር ከቀትር በኋላ ያደርገዋል።)

አስፋልት ላይ የሚዘረጋው የጎማ ቱቦ የሚቆጥረው አክስል (የግራና የቀኝ ጎማ የሚያያዝበትን ዘንግ) ነው። ነጠላ ቱቦ የአክስሉን ቁጥር ለሁለት እያካፈለ ሲሄድ ባለ 6 አክስል ተሳቢ 3 መኪና ሆኖ ይመዘገባል፤ መጨናነቅም ያሳስተዋል። መኪናው ሳይቆም በሚያልፍበት የገጠር መንገድ ላይ ለ7 ቀን ቆጠራ ግን ሌሊት ሰው ከማስቀመጥ እሱን እመርጣለሁ።

ቪዲዮውን አይቶ በራሱ የሚቆጥር ሶፍትዌር አይደክመውም። ባጃጅ ሳያይ የሠለጠነ ከሆነ ግን ምን ብሎ እንደሚመዘግበው ሳትፈትሹ አትክፈሉ፤ የተከለለውንም መኪና እሱም አያየውም። በራሳችሁ መንገድ ቪዲዮ ላይ፣ በእጅ ከተቆጠረ 15 ደቂቃ ጋር አወዳድሩት።

እንደ አዲስ አበባው መገናኛ ላለ ቦታ የእኔ ምርጫ ቪዲዮና የሰው እጅ ነው። ውሉ ላይ ግን ቪዲዮው ራሱ ከሠንጠረዡ ጋር እንዲሰጣችሁ አስጽፉ።