የቀጠሮ ቀዶ ሕክምና፦ ቀድሞ ነርስ ጋ ወይስ ዋዜማውን የሰመመን ባለሙያ ጋ?

ለሐሞት ጠጠር ወይም ለእንቅርት ቀጠሮ ተይዞልዎታል እንበል። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀናት ወይም ሳምንታት ቀድሞ በነርሶች ክሊኒክ መታየት የተለመደ ነው። እኛ ጋ ግን ብዙ ቦታ ምርመራው የሚያልቀው ሆስፒታል ገብተው ከተኙ በኋላ፣ ዋዜማው ላይ በሰመመን ባለሙያ ነው።

ጊዜ፦ የነርሷ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ግፊትዎ 180/110 ቢገኝ ለማስተካከል ፋታ አለ። ደም ማነስ ካለ የብረት ክኒን ሳምንታት ይፈልጋል። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚወሰድ መድኃኒት) አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ቀን በፊት ይቆማል፤ ሐኪም ሲያዝ ብቻ። ይህ ሁሉ ዋዜማ ላይ ቢታወቅስ? ቀጠሮው ይሰረዛል፣ በቃ።

ወጪ፦ ክሊኒኩ ተጨማሪ ምልልስ አለው። ዋዜማው በአንድ ጉዞ ያልቃል፣ ካልተሰረዘ።

ጥያቄ፦ ነርሷ ረጋ ብላ ትጠይቃለች። የሚነቃነቅ ጥርስ አለ? ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥርዎታል? ከቤተሰብ በሰመመን የተቸገረ አለ? የባህል መድኃኒትስ? (ይህን ሳይጠየቅ የሚናገር ብርቅ ነው።) የሰመመን ባለሙያውም ይጠይቃል፤ ግን ወረፋው ያጣድፈዋል።

ከባድ ጉዳይ፦ እዚህ ባለሙያው ይበልጣል። የልብ ሕመም ወይም መተንፈሻን የሚጫን እንቅርት ካለ ነርሷም ወደ እሱ ነው የምትልክዎት።

ስኳር፣ ግፊት ወይም የዘወትር መድኃኒት ላለው ሰው ቀድሞ ነርስ ጋ መሄድ ምልልሱ ያዋጣል። ከሩቅ ለሚመጣ ጤነኛ ወጣት፣ ቀዶ ሕክምናውም ቀላል ከሆነ፣ ዋዜማው ይበቃል።