የደሴው የንጉሥ ሚካኤል ጉብኝት፦ ሰገሌ ላይ ጎበዝ፣ ቦሩ ሜዳ ላይ ዝም

የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩትን የግብር ቤት፣ አይጠየፍ አዳራሽን፣ በአስጎብኚ ለማየት ጠዋት ይሻላል፤ ክረምት ከሆነ ከሰዓት በኋላ ዝናቡም ጉሙም ያስቸግራል። ዋጋ ስትነጋገሩ ቦሩ ሜዳ ይካተት እንደሆነ ቁርጡን ጠይቁ። ከከተማው ወጣ ስለሚል መኪና ይፈልጋል፤ «አብሮ ነው» ተብሎ መጨረሻ ላይ ጭማሪ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው።

አስጎብኚዎቹ የአዳራሹን ስም ጥሩ ያብራራሉ፤ ድሃ ሀብታም ሳይባል፣ ማንም ሳይጠየፍ ግብር የሚበላበት። ንጉሡ ከሸዋ ጦር ጋር የተዋጉበት የሰገሌ ጦርነትማ ሲተረክ እጅ በአፍ ያስጭናል፦ ንጉሡ ቶራ መስክ ላይ የሸዋውን ራስ ልዑልሰገድን ድል ካደረጉ በኋላ በጦር ሚኒስትሩ በፊታውራሪ ሀብተጊዮርጊስ የማዘናጊያ ደብዳቤ ቆመው ቀሩ፤ ሸዋ ጦሩን አሰባሰበ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ተማረኩ።

የሚያከራክረው ግን ይዘለላል። በ1870 ዓ.ም.፣ ከቦሩ ሜዳው የሃይማኖት ጉባኤ ጋር ተያይዞ፣ ያኔ ኢማም መሐመድ አሊ የነበሩት ንጉሥ ሚካኤል ተብለው ሲጠመቁ ክርስትና ያነሷቸው አፄ ዮሐንስ ናቸው። ከዚያ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ የወጣውን ትእዛዝ ካስፈጸሙት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ይህ ሁሉ «እምነት ቀየሩ» በሚል ሁለት ቃል ያልፋል። ይህን ትእዛዝ ተቃውመው ስለተነሱት የወሎው ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር ዐመፅ ጠይቁ፤ መልስ ያለው አስጎብኚ ገንዘቡ ይገባዋል።